እግዜር ይስጥልን፦ የበዓል ማዕድ ምስጋና አከፋፈል

የበዓል ማዕድ ምስጋና ዕዳ ከበላተኛው ትከሻ ወርዶ ሰማይ ቤት የሚገባበት የቆየ አሠራር ነው። መሣሪያው «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ቃል ነው። ፍቺው አያሻማም፤ የበላሁት እኔ ነኝ፣ የሚከፍለው እሱ ነው። ተመስጋኟም «አብሮ ይስጠን» ብላ ትመልሳለች፤ ገና ያልተከፈላትን ሒሳብ ለሁለት ገምሳ እኩሌታውን ለባለዕዳው ትመርቃለች ማለት ነው። በዚህ ደንብ የሚሠራ ሱቅ ቢኖር በሳምንቱ ይዘጋ ነበር። የበዓል ማዕድ ያልተዘጋው ኪሳራውን ሁሉ የምትሸከም አንዲት ሴት ማድ ቤት ውስጥ ስላለችው ነው።

አሠራሩ በእንቁጣጣሽም፣ በመስቀልም፣ በገናም አለ፤ ምሉዕ ሆኖ የሚታየው ግን በፋሲካ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከዘወረደ ጀምሮ እስከ ቀዳም ስዑር ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከጾመኛው ቤት ይርቃሉ። 55 ቀን በሽሮና በምስር የሰነበተ ሰው የሚያቀርበው ምስጋና ከልቡ መሆኑ አይጠረጠርም። የሚያጠራጥረው አድራሻው ነው።

የበዓሉ ሥራ በወግ ለሁለት ይከፈላል። መግዛትና ማረድ የአባወራው ነው፤ የቀረው የእማወራዋ ነው። «የቀረው» የተባለው ምን ምን እንደሆነ መዘርዘር አልተለመደም፤ ከተዘረዘረ ክፍፍሉ ክፍፍል አይመስልም።

ከመግዛቱ ይጀመራል። አባወራው በበዓሉ ዋዜማ ዶሮ ተራ ይወርዳል። አውራ ዶሮውን እግሩን ይዞ ያነሣዋል፣ ደረቱን ይዳብሳል፣ በእጁ ይመዝነዋል፣ «ይሄማ ላባ ብቻ ነው» ብሎ ይከራከራል፤ በመጨረሻ ነጋዴው መጀመሪያ በጠራው ዋጋ ወይም ለዚያ በቀረበ ይገዛዋል። ሥራው ከሁለት ሰዓት አይበልጥም፤ ትረካው ግን እስከ ዳግም ትንሣኤ ይዘልቃል። ዋጋው በማዕዱ ላይ ደጋግሞ ይነሣል። እንግዳው ዋጋውን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከንፈሩን ይመጣል፤ ይህም ለገዢው የሚደርስ ምስጋና ነው። ሽንኩርቱ የፈጀው እንባ ስንት እንደሆነ አይነገርም፤ እንባ ደረሰኝ የለውም።

ማረዱ ከመግዛቱም ያጥራል። በልማድ ሴት አታርድም። ስለዚህ አባወራው ከቤት ከወጣ እማወራዋ ዶሮውን በአንድ እጇ፣ ቢላዋውን በሌላው ይዛ የግቢውን በር ከፍታ ወንድ አላፊ ትጠብቃለች። በበዓል ዋዜማ በየሰፈሩ የሚታይ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ምድጃ ለኩሶ የማያውቅ የጎረቤት ልጅ ብቅ ሲል «ና እስቲ እረድልኝ» ትለዋለች። ልጁ «በስመ አብ» ብሎ ባንድ አፍታ ይጨርሳል። ቢላዋውን በሣር ይወለውላል፣ ምርቃት ይቀበላል፣ ኳሱን እየነዳ ይሄዳል። የወንዱ ድርሻ በዚህ ተፈጸመ። ልጁም ለወደፊት የሚጠቅመውን ትምህርት ይዞ ሄዷል፦ አንድ ደቂቃ ሠርቶ መመረቅ ይቻላል።

«የቀረው» ከዚህ በኋላ ያለውና ከዚህ በፊት የነበረው ሁሉ ነው። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ ጠላው ከተጠነሰሰ ሰንብቷል። ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት ተነጥሯል። አብሲት ተጥሎ እንጀራው ተጋግሯል። ድፎው በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ እሳት ከላይም ከታችም በልቶታል። ከዚያ ዶሮው ይመጣል። በፈላ ውሃ ተነክሮ ላባው ይነጫል፣ በእሳት ይለበለባል፣ 12 ብልት ሆኖ ይገነጠላል፣ ውሃው እስኪጠራ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል። ለአንድ ዶሮ እስከ 2 ኪሎ የሚደርስ ቀይ ሽንኩርት ይላጣል፣ ደቆ ይከተፋል፣ ያለ ቅባት እየታሸ ይበስላል። በርበሬው ይገባል፤ ቁሌቱ ሰዓታት ይንተከተካል፤ ጠብ ጠብ እያለ ውሃ ይጨመርበታል፤ ቅቤው፣ ሥጋው፣ በመጨረሻም መከለሻውና የተቀቀለው እንቁላል ይከተላሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የማማሰያው እጀታ ከእጇ አይወጣም።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ወጥ ሠሪዋ ጾመኛ ናት። የሠራችውን አትቀምስም። የጨውን ልክ በአፍንጫዋ፣ የበርበሬን ልክ በእንፋሎቱ፣ የቅቤን ልክ በዓይኗ ትለካለች። ጾም ያልደረሰበት ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ በእጁ መዳፍ ጠብ ተደርጎለት ይቀምሳል፤ ምስክርነቱም «ያቃጥላል» ከሚል አያልፍም። ያልቀመሱትን ምግብ በሽታው ብቻ አስተካክሎ ማውጣት ሌላ ሙያ ላይ ቢሆን ሽልማት ያሰጥ ነበር። ማድ ቤት ውስጥ ግን ግዴታ ነው፤ ሽልማቱም «ጨው ትንሽ አነሰው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ነው።

ሌሊቱን ቤተሰቡ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ያድራል። ወጡን የጣደችው ሴት ቅዳሴ ብትሄድ ወጡ ያርርባታል፤ ብትቀር ስሟ ይነሣል። አሠራሩ ይህን ችግር አይለውም፣ ፈተና ይለዋል፤ ፈተና ደግሞ ጸጋ ነው፤ ጸጋ የተሰጠው ሰው እርዳታ አይጠይቅም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ቤተሰቡ ሲመለስ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ መሶቡ ተከፍቷል፣ ወጡ ትኩስ ነው። አባወራው ተነሥቶ ይጸልያል። ጸሎቱ ሰፊ ነው። ከዓመት ዓመት ላደረሰ፣ ዝናቡን ለሰጠ፣ አገሩን ለጠበቀ፣ የታመመውን ላዳነ፣ መንገደኛውን ለመለሰ አምላክ ምስጋና ይቀርባል። ምስጋናው ኢትዮጵያን ከዳር እስከ ዳር ያዳርስና ከሳሎኑ አራት እርምጃ የሚርቀው የማድ ቤት በር ላይ ሲደርስ «አሜን» ይባላል። ድፎው በመስቀል ምልክት ይቆረሳል፤ የቆራሹ እጅ ይሳማል። የጋገረው እጅ ገና እየታጠበ ነው።

የብልቱ አደላደል የምስጋናው ግልባጭ ነው። ፈረሰኛው የአባወራው ነው፤ ስሙ እንደሚያመለክተው ዶሮ ተራ ድረስ ዘምቶ በድል ለተመለሰው ይሰጣል። ሥጋው የበዛው ለእንግዳና ለታላላቅ፣ ከዚያ ለልጆች ይወጣል። አንገቱ ማድ ቤት ይቀራል። እማወራዋ ለምን እንደማትቀመጥ አልፎ አልፎ የሚጠይቅ አይጠፋም። «ጠግቤያለሁ፣ ሽታው አጥግቦኛል» ትላለች። መልሷ በሙሉ ልብ ይታመናል፤ ቤቱ ውስጥ ሳይጣራ የሚታመን ንግግሯ ይህ ብቻ ነው።

ቃላዊው ክፍያ የሚጀምረው ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ «እጅ ያስቆረጥማል» የሚለው ነው። አነጋገሩ የበላተኛውን ጣት የሚመለከት ቢሆንም በዕለቱ በቢላዋ የተቆረጠ እጅ ያላት አንድ ሰው ብቻ ናት፤ እሷም በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ሁለተኛው «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ነው። ምርቃቱ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገቡ ጣቶችን በሕክምና መልክ ይጎበኛል፤ ያንን ውሃ ግን አያሞቅም። ሦስተኛውና ከፍተኛው ማዕረግ «ባለሙያ» ነው። ማዕረጉ ደመወዝ የለውም፤ የሚያስገኘው መብት በሚቀጥለው በዓል ሁለት ዶሮ መሥራት ነው። ባለሙያዋ ድካሟን በአፏ ልታነሣ ብትሞክር «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረት ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃታል። የዶሮው ዋጋ ግን በልብ እንዲያዝ የሚያዝ ተረት እስካሁን አልተገኘም።

የምስጋናው ቁንጮ ጉርሻው ነው። አባወራው በሰው ፊት ይጠራታል። እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትመጣለች፤ ጎንበስ ትላለች፤ ትጎርሳለች፤ እንግዶች «እንዲህ ነው እንጂ ትዳር!» ይላሉ። ጉርሻውን አላምጣ ሳትጨርስ «እስቲ በዚያው እንጀራ ጨምሪ» ትባላለች። ወደ ማድ ቤት የተመለሰችው አፏ ሞልቶ ስለሆነ የምትለው የለም።

ከእማወራዋ በታችም ማዕረግ አለ። የቤት ሠራተኛ ባለችበት ቤት ሽንኩርቱን የላጠችው፣ ላባውን የነጨችው፣ ውሃውን የቀዳችው እሷ ናት፤ «እጅሽ ይባረክ» ግን እማወራዋ ጋ ደርሶ ይቆማል። አንድ ማዕድ ላይ ሁለት የተባረኩ እጆች ማስተናገድ አልተለመደም። ስለ ሠራተኛዋ «እንደ ልጃችን ናት» ይባላል። ልጃቸው በዚያ ሰዓት መሶቡ ዙሪያ ተቀምጣ ሁለተኛ እንቁላሏን እየላሰች ነው።

ባሕር መሻገርም ከአሠራሩ አያስመልጥም። በጉ የተገዛው ቤይሩት፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ በምትሠራ ልጅ ገንዘብ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። ለእሷ የሚከፈለው በምስል ስልክ ነው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ የበጉ ቆዳ ይታያል፣ ድስቱ ተከፍቶ ይታያል፣ «አየሽው? ባንቺ እኮ ነው ይሄ ሁሉ!» ይባላል። ልጅቱ የሰው ሳህን እያጠበች፣ ስልኳን ከቧንቧው ጀርባ አስደግፋ ትስቃለች። እናት ጉርሻ ጠቅልለው ወደ ስልኩ ይዘረጋሉ፤ «አም በይ የኔ ልጅ» ይላሉ፤ መስመሩ ይቆራረጣል። በአየር ላይ የቀረውን ጉርሻ ታናሽ ወንድሟ ይጎርሰዋል። «እግዜር ይስጥልን» የሚለው ቃል ከመስመሩ መቋረጥ በፊት ይድረስ ከኋላ፣ ሒሳቡ ላይ ለውጥ አያመጣም።

ማዕዱ ሲነሣ ሥራው አይነሣም። ድስቱ ይዘፈዘፋል፤ ቡናው ይቆላል፤ ፈንዲሻው ይፈነዳል፤ ሁለተኛው ዙር እንግዳ ይገባል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም። ለበላተኛው የዕረፍት ወራት ነው። ምድጃው አጠገብ ላለችው ግን ድስቱ ረቡዕ የለውም ማለት ነው።

የአሠራሩ ጠበቆች «ወጋችንና ሃይማኖታችን ነው» ይላሉ። ሃይማኖቱ ግን ለጠበቆቹ አስቸጋሪ ምስክር ነው። በዚያው ሳምንት፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ካህናቱ ወገባቸውን ታጥቀው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ጌታው በእራት ላይ ተነሥቶ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት መታሰቢያ ነው። እግሩ የታጠበለት አባወራ ሥርዓቱን በእንባ ተከታትሎ ቤቱ ይገባና ከሦስት ቀን በኋላ እጁን የሚያስታጥበው ሰው ይጠራል። ትንሣኤውንም መጀመሪያ የሰሙት ሽቱ አዘጋጅተው በማለዳ ወደ መቃብሩ የሄዱ ሴቶች ናቸው። እነሱ ሲናገሩ ሐዋርያቱ እንደ ተራ ወሬ እንደቆጠሩት ሉቃስ በ24ኛው ምዕራፍ ጽፏል። ማለዳ ተነሥታ ያዘጋጀችው ሴት፣ ተቀምጦ የሚጠራጠረው ወንድ፤ የዛሬው ማዕድ ከዚያ ታሪክ የወረሰው ይህን ክፍል ነው።

የቀረው ክፍል አልተወረሰም። ዮሐንስ በ21ኛው ምዕራፍ እንደሚተርከው፣ ደቀ መዛሙርቱ በጥብርያዶስ ባሕር ሌሊቱን ሲደክሙ አድረው ወደ ምድር ሲወጡ የከሰል ፍም፣ በላዩ ዓሣ፣ እንጀራም ተዘጋጅቶ አገኙ። ከሙታን የተነሣው ጌታ እሳቱ ዘንድ ቆሞ ኑ ብሉ አላቸው፤ አንሥቶም ሰጣቸው። በየበዓሉ «ይስጥልን» እየተባለ ሒሳቡ የሚላክለት እሱ ነው። እሱ በትንሣኤው ሰሞን ፍም አቀጣጥሎ፣ ዓሣ ጠብሶ፣ በእጁ አቅርቦ የድርሻውን ከፍሏል። የቀረው የአባወራው ነው።