የግራራችን የጅብ ጥላ

እናቴ የላከችኝ ለአጭር ጉዳይ ነበር፤ እንጨት ቆራጭ ጠርቼ እንድመጣ። የግቢያችን ግራር ከግንዱ ሥር የጅብ ጥላ ካወጣ ሁለት ክረምት አልፎታልና «ሳይቃጠል በቅጠል» ብላ ብሩን ቆጥራ ሰጠችኝ።

ቆይ፣ የጅብ ጥላ ስላችሁ ያ በዝናብ ማግስት ብቅ ብሎ የሚረግፈው እንዳይመስላችሁ። ይሄ ሳህን ያክላል፣ እንደ እንጨት ይጠነክራል፣ ላዩ ቫርኒሽ የተቀባ ይመስላል። ጋኖደርማ ይባላል። ስሙን በ1881 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ፊንላንዳዊው ፔተር ካርስተን ነው፤ በግሪክኛ «የሚያበራ ቆዳ» እንደማለት። በሞቃት አገሮች ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ውስጥ የዘይት ዘምባባ እያደረቀ ገበሬውን ያስለቅሳል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ከበር ሳልወጣ ተመለስኩ። ለዚህች ደግሞ ቆራጭ? በመጥረቢያ ጀርባ መታሁት፣ ወደቀ። ቁስሉን ከበሩ በተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀባሁና ብሩን ለእናቴ መልሼ «አክሜዋለሁ» አልኳት። ከነጠላዋ ላይ የቆርቆሮ ዝገት ነው እያልኩ ሳራግፈው የከረምኩት ካካዎ መሳይ ዱቄት እንኳ የዚሁ የጅብ ጥላ ዘር ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ንፋስ በበረታበት ሌሊት፣ ግራሩ የጎረቤታችንን አጥር ይዞ ወደቀ። ሲነጋ የአጥሩን ባለቤት ጋሼን ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ?»

«እኛስ ደህና ነን፣ ልጄ። ቀለሙን ማን ቀባው?»

ምን ልበላቸው? አቀርቅሬ የተሰበረውን ግንድ ነካሁ። ውስጡ ነጭ ነው፤ እንደ ራሰ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ በጣቴ ስስበው ክር ክር እያለ ይወጣል። እኔ የጣልኩት ፍሬውን ብቻ ነበር። ዋናው አካሉ እንጨቱ ውስጥ የተሰራጨ ቀጭን ክር ነው፤ ለእንጨት ጥንካሬ የሚሰጠውን ሊግኒን ሳይቀር ይበላል። ማንጎ ስለለቀሙት ይደርቃል እንዴ?

አጥሩን ለማሠራት ከቆራጩ ዋጋ በላይ ወጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄው ነው። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ የቡናዬን ስኒ አቀበለችኝና ዝም አለች። እሱ ከሁሉ ባሰብኝ።

ዘንድሮ ጉቶው ላይ አዲስ ወጥቷል። እናንተም ከዛፋችሁ ሥር እንዲህ ያለ ካያችሁ ልጆቹን ከሥሩ አርቁና በዚያው ቀን ዛፍ የሚያውቅ ሰው ጥሩ።