ገና ያልተሠራ ጎማ

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ብዙ ነገር ያጣል፤ ምክር ግን አያጣም። ቮልስ ይዛችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ቀይ መብራት ላይ ቁሙና እዩት። ከጎናችሁ የቆመው የሚኒባስ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «አትሸጣትም?» ይላል፤ እናንተ መልስ ሳትሰጡ ረዳቱ ዋጋ ቆርጦ፣ ከዋጋውም ላይ ትንሽ ቀንሶ ጨርሷል። ሎተሪ አዟሪው ሎተሪውን ረስቶ አጎቱ ነጭ ቮልስ እንደነበረው ይነግራችኋል። እንዲያውም ቮልስ የነበረው አጎት የሌለው አዲስ አበቤ እስካሁን አልገጠመኝም። ስለ ሞተሯ፣ ስለ ድምፅዋ፣ ስለ ቀለሟ የማይጠይቅ የለም። ስለ ጎማዋ የሚጠይቅ ግን አንድም አላየሁ።

ታሪክ ነጋሪዎቻችንም ያው ናቸው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ እንደሆነ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ከሮልስ ሮይስ ወደ ቮልስ! ስንቱ ጻፈበት፣ ስንቱ አለቀሰበት፣ ስንቱ አጨበጨበበት። ያቺ ቮልስ ምን ጎማ አጥልቃ እንደነበር ጽፎ ያነበብኩት ሰው ግን የለም። ጃንሆይ በኪሎ ቀላል፣ በሌላው ሁሉ ከባድ ሰው ነበሩ፤ የቮልስ ሞተር ደግሞ ከኋላ ነው። የኋላ ጎማዎቿ በዚያ ጠዋት ስንት ንፋስ እንደነበራቸው ማወቅ የምፈልግ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ይህን የመሰለ ሐሳብ ሰው ላይ የሚመጣው የራሱ ጎማ ሲሰነጠቅ ነው። የእኔዋ ቮልስ 1300 ነች፤ የ1960ዎቹ ልጅ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። (አቆጣጠሩን ያዙልኝ፤ በኋላ ያጨቃጭቀናል።) አንድ እሑድ ሳጥባት ጎንበስ ብዬ የጎማውን ጎን አየሁት፤ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ዙሪያውን ከቦታል። ጥርሱን ብታዩት ግን ሙሉ ነው፤ ቦሎ ለማሳደስ ስትሄዱ የሚያሳፍር አይደለም። የአሮጌ መኪና ጎማ ጉዱ ይሄ ነው። የታክሲ ጎማ የሚሞተው በሥራ ነው፤ የእኛ የሚሞተው በጡረታ። ሳይሄድ፣ ፀሐይና አየር እየመቱት፣ ላስቲኩ ውስጥ ውስጡን ይደርቃል። ሚሽሊን የሚመክረው ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ አሥር ዓመት ሲሞላው ደግሞ ምንም ያህል ቢያምር እንዲወርድ ነው፤ ስኮርታውም ሳይቀር። የእኔን ስኮርታ ዕድሜ አልናገርም፤ የሰው ዕድሜ መናገር ነውር ነው።

እንግዲህ ምን ጎማ ይደረግላት? ከፋብሪካ ስትወጣ ያደረገችው 5.60-15 የሚባለውን ነው። ስፋቱ 5.60 ኢንች፣ ቸርኬው 15 ኢንች፣ ቀጭንና ረጅም። ውስጡ ያለው ክር እንደ ጠፍር አልጋ ሰያፍ ለሰያፍ የተጠላለፈ ነው፤ ፈረንጆቹ ክሮስፕላይ ይሉታል። እንደ ጠፍር አልጋም ጠባይ አለው፦ ብዙ ቀን ከቆመች የተኛበት በኩል ይረግብና ጠዋት ስትነሱ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች እየተንገጫገጫችሁ ነው የምትሄዱት። አስፋልቱ ላይ የተቦረቦረ መስመር ካገኘም መሪውን ከእጃችሁ ቀምቶ መስመሩን ይከተላል። በሌላ በኩል ሚሽሊን በ1946 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያስመዘገበው ራዲያል አለ፤ ክሩ ከጫፍ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይሄድና ከጥርሱ ስር በሽቦ ይታሰራል። ለቮልስ የሚሆነው ራዲያል 155 አር 15 ወይም 165 አር 15 ነው፤ በዛሬው አጻጻፍ 165/80 አር 15።

«የድሮ መኪና የድሮ ጎማ ነው የሚያምርባት» የሚሉ ወገኖች አሉ። አከብራቸዋለሁ፤ ከኋላቸው ግን አልነዳም። እኔ የራዲያል ወገን ነኝ። ሁለቱን መቀላቀል የግድ ከሆነ ደግሞ ራዲያሉ ኋላ ነው የሚሆነው እንጂ ፊት አይደለም። ፊቷ አስፋልቱን ጨምድዶ ይዞ ኋላዋ ከላላ፣ ያውም ሞተር የተሸከመ ኋላ፣ በዝናብ ቀን የሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ላይ ፊታችሁን ወደ እንጦጦ መልሳችሁ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ።

ይህን ሁሉ ዕውቀት ይዤ መርካቶ ጎማ ተራ ገባሁ። ጎማ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። መሃሉ ላይ ሁለት ስልክ የያዘ ወጣት ተቀምጧል።

«ፋዘር፣ ምን እንስጥህ?»

«165 በ80፣ 15።»

«ለምን መኪና?»

«ለቮልስ።»

«ኧረ! አትሸጣትም?»

ይህን ካለፍን በኋላ ወደ ቁም ነገሩ ገባን። 165 ከገበያ ጠፍቷል። የሚመጣው ኮሮላው ሁሉ የሚያደርገው 195/65 አር 15 ነው። «ቸርኬው ያው 15 አይደል? ሰፊ ነው፤ መሬት ይይዝልሃል፤ ደግሞ ያምራል» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ቁመቱ ብዙም አይለይም፤ ልዩነቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ጣጣው ስፋቱ ላይ ነው። የቮልስ ቸርኬ ስፋት 4 ኢንች፣ ቢበዛ 4 ተኩል ነው፤ 195/65 ደግሞ ቢያንስ 5 ኢንች ተኩል የሆነ ቸርኬ ይፈልጋል። በጠባቡ ላይ በግድ ካስገባችሁት ሆዱን ነፍቶ፣ ከንፈሩን ሰብስቦ ይቀመጣል። መሪውም ዘይት የማያውቅ፣ በክንድ ጉልበት የሚዞር ነው። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝና «ታዲያ ቸርኬውን ቀይረው» አለኝ።

ቸርኬው ቢቀየር ቀጥሎ ጭቃ መከላከያው ይቀየር ሊባል ነው። ሰው ሁሉ ጎማውን ለመኪናዋ ከመፈለግ ይልቅ መኪናዋን ላለው ጎማ ማስተካከል ይቀለዋል። እንዲያውም ከጀርባው የተደረደሩትን ባለ 17 እና ባለ 18 ጎማዎች አሳየኝ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፤ ገበያውም ወደ እነሱ ጎማ ዞሯል። «ፋዘር፣ ለምን ኤሌክትሪክ አትገዛም?» አለኝ። ጎማ ልገዛ ሄጄ መኪና ቀይር የተባልኩ እኔ ነኝ።

ሆኖም ጎማ ተራ ባዶ እጁን ሰው አይሸኝም። አንድ ልጅ ወደ መጋዘን ተላከ፤ ቡናዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ አንድ ጎማ እያንከባለለ መጣ። 165 አር 15! ቅባት ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ልቤ ደነገጠ፤ እጄ ግን ሥራውን አልረሳም። የጎማ ልደት ከጎኑ ላይ ነው የሚጻፈው፦ ዲ.ኦ.ቲ ከሚሉት ፊደላት ተከትሎ በሚመጣው ሞላላ ሳጥን ውስጥ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። (ሦስት ቁጥር ብቻ ካገኛችሁ ጎማው የተሠራው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት ነው፤ መልሳችሁ በክብር አስቀምጡት።) ቅባቱን በአውራ ጣቴ ጠረግ አድርጌ አነበብኩት፦ 4018።

«የመቼ ነው?» አልኩት፣ ያላወቀ መስዬ።

«የዘንድሮ ነዋ! እየው፣ 18 ይላል። ዘንድሮ ስንት ነው?»

ዘንድሮ 2018 ነው። ምን ይባላል? አልዋሸም። የፈረንጅ ፋብሪካ ለራሱ የጻፈውን ቁጥር የእኛ ዘመን አቆጣጠር ሄዶ ተገናኘው። ይህ ዕድል የገጠመው ሌላ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም፤ ሰባት ዓመት መጋዘን የተኛ ዕቃ በእንቁጣጣሽ ዕለት እንደገና አዲስ ይሆንለታል።

እኔም በእሱ መንገድ ሄድኩለት። «እሺ፣ በእኛ ይሁን። 40ኛው ሳምንት ማለት ግን ሰኔ 4 የሚጀምረው ነው። አሁን ገና ጥር ነው። ይሄ ጎማ ገና አልተሠራም ማለት ነው።»

ትንሽ አሰበ። «ፋዘር፣ በጣም አዲስ ነው አልኩህ እኮ!»

በፈረንጆቹ ስንመለስ 2018 ላይ 40ኛው ሳምንት የሚጀምረው በጥቅምታቸው መግቢያ ነው፤ በእኛ መስከረም 21 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ግሸን ማርያም። ጎማው አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ከአሥሩ ዓመት ሰባቱን በልቶታል። አመስግኜ ወጣሁ። ዋጋ እየቀነሰ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ።

ወዳጆቼ «ከውጭ አስመጣ» አሉኝ። እውነት ነው፤ ውጭ ለአሮጌ መኪና ብቻ የሚሠራ ጎማ አለ። ሚሽሊን ኤክስ ዜድ ኤክስ የተባለውን የድሮ ጎማውን በ165 ልክ ዛሬም ያመርታል፤ የሆላንዱ ቭሬደስታይን ስፕሪንት ክላሲክ አለው፤ አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ደግሞ ኮከር የሚባለው ድርጅት ጎኑ ላይ ነጭ ቀለበት ያለውን ሳይቀር ይሸጣል። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። ለገና ሳትመጣ ቀርታ ለፋሲካ ልትመጣ ነው።

«ምን ላምጣልህ?» አለች፣ እንደ ደንቡ።

«ጎማ።»

ዝም አለች። እኔ ግን ሂሳቡን ጨርሼ ነበር። አየር መንገዱ የሚፈቅደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ቁመቱ ወርዱና ስፋቱ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው። አንድ 165 ጎማ 65 ሲደመር 65 ሲደመር 17፣ 147 ነው። «11 ሴንቲ ሜትር ይተርፍሻል» አልኳት። ሁለቱን መደራረብ ግን ልኩን ያሳልፋል፤ ስለዚህ አንድ ዘመድ የሚችለው ሁለት ጎማ ነው። አራት ጎማ ሁለት ዘመድ ይጠይቃል፤ ስኮርታ ከተጨመረ ሦስተኛ ዘመድ ከነግማሽ ሻንጣው።

«የእማዬን ቫይታሚን የት ላደርገው ነው?»

«ጎማው መሃሉ ባዶ ነው፤ እዚያ ክተችው።»

መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው ብዬ አምኛለሁ።

በመጨረሻ የተገኘው ሶማሌ ተራ ጥግ፣ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ነው። ስሙን አንብቤ ለመጨረስ መነጽር ያስፈለገኝ የእስያ ጎማ፤ ጥርሱ ምንም የማያምር፣ ጎኑ ላይ ግን 2325 የሚል። በጎማ ተራው ልጅ ሂሳብ ከሄድን ከሰባት ዓመት በኋላ የሚሠራ ጎማ ነው። ለአሮጌ መኪና ስም ከመምረጥ ልደት መምረጥ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ አውራ ስም ያለው የደረቀ ጎማ ከስም አልባ ትኩስ ጎማ አይበልጥም። ፍጥነቱን የሚናገረው ፊደል «ኤስ» ነው፤ በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው። የእኔዋ ቁልቁለትና ምርቃት ታክሎበት 120 ብትደርስ ነው። የቀረው 60 ኪሎ ሜትር መጠባበቂያ ይሁን።

ገጠማው ጎሚስታ ቤት ሆነ። ጎሚስታው ጎማ አይቶ የማይጠግብ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው፤ ነገር ግን ለመኪና ሁሉ አንድ ንፋስ ያውቃል፤ 35። የቮልስ መጽሐፍ የሚለው ደግሞ ፊት 16፣ ኋላ 24 ነው፤ በራዲያል ትንሽ ከፍ ብሎ 18 እና 27 ይደረጋል። ፊቷ ላይ ሞተር የለማ! ነዳጅ መያዣና ስኮርታ ብቻ ነው ያለው።

«18 ሙላልኝ» አልኩት።

«ጋሼ፣ 18 እኮ ንፋስ አይደለም፤ ትንፋሽ ነው።»

አሳምኜው ፊቱን እንደጨረሰ ስኮርታውን ሊያወጣ ኮፈኑን ከፈተ። ከስኮርታው አፍ ላይ አንዲት ቀጭን ቱቦ ተሰክታ አየ። «ይቺ ምንድናት?» የመስታወት ማጠቢያው ናት አልኩት። ቮልስ ውሃ የሚረጭ ሞተር የላትም፤ ውሃውን መስታወቱ ላይ የሚገፋው ከስኮርታው የሚመጣው ንፋስ ነው። አላመነም። ቁልፉን ተጫንኩለት፤ ውሃው ቱር ብሎ ሸሚዙ ላይ አረፈ። የጋራዡን ልጆች በሙሉ ጠርቶ ደግመን አሳየን። አንዱ ልጅ «ታዲያ ክረምት ላይ መስታወት ሲያጥቡ ውለው ጎማ ቢፈነዳስ?» ብሎ ጠየቀ። ንፋሱ ከልክ በታች ሲወርድ መስጠቱን የሚያቆም መዝጊያ አለው አልኩት። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከአዋቂ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

የወረዱት አራቱ አሮጌ ጎማዎች ደጅ ላይ ተደረደሩ። ከጎሚስታው አጠገብ በረባሶ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። መጥተው አንዱን አገላብጠው፣ በቢላቸው ጠርዙን ፈልፈል አድርገው አዩት።

«ሽቦ የለውም!» አሉ በደስታ። «የዛሬው ጎማ ሽቦ ብቻ ነው፤ ቢላ ይጨርሳል። እንዲህ ያለ ከየት ይገኛል? ስንት ይሸጣል?»

በዚያ ሁሉ ገበያ የመኪናዬን ጎማ ልክ ፈልጎ ያገኘሁት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ገንዘብ አልፈልግም፣ ውሰዱት አልኳቸው። በነጻ መውሰድ ግን ከበዳቸው።

«እንግዲያው አንድ ጥንድ ልሥራልዎት። ቁጥርዎት ስንት ነው?»

«165 በ80...» ብዬ ጀመርኩ። ሰውየው ግን የሚያዩት እግሬን ነው።

«41።»

«አለ» አሉ።