ፀጉሮች ቢስማሙ ኖሮ

ፀጉር አስተካካይ ሥራውን ጨርሶ ትንሿን መስታወት ከኋላችን ሲይዝልን ሥራው መፍረስ ጀምሯል። ግንበኛ አጥር ሠርቶ ከሄደ በኋላ አጥሩ በየቀኑ ሩብ ሚሊ ሜትር ሽቅብ ቢያድግ ባለቤቱ ክስ ይመሠርት ነበር፤ ፀጉር አስተካካይ ግን በዚህ ጉድ ይከበርበታል እንጂ አይከሰስበትም። እንጀራውን ማን ሰጠው ቢባል አንዱ እጁን፣ ሌላው ቶንዶሱን፣ ሦስተኛው ፋሽንን ይጠራል። እኔ ደግሞ ምስጋናው የሚገባው ለፀጉሮች አለመስማማት ነው ባይ ነኝ።

በሰው ራስ ላይ 100 ሺህ ያህል ፀጉር አለ። እያንዳንዱ የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው፦ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ 2 ወይም 3 ሳምንት ሥሩ እየሟሸሸ ሥራ ያቆማል፤ ከዚያ 3 ወር ገደማ ሳያድግ ቦታውን ይዞ ይቀመጥና ለተተኪው ለቅቆ ይረግፋል። በማናቸውም ቀን ከመቶው ከ85 እስከ 90 የሚሆነው እያደገ ነው። (ከመቶ ሠራተኛው 85ቱ በገበታው ላይ የሚገኝበት መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ካለ ይጠቁመኝ።) ቁም ነገሩ ዕረፍት የሚወጡት ሳይመካከሩ መሆኑ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍብንም ማንም ልብ የማይለው ለዚህ ነው። በብርዳማ አገር የሚኖሩ ብዙ እንስሳት ወቅት ጠብቀው ፀጉራቸውን በጅምላ ይለውጣሉ። የእኛም እንደዚያ ቢሆን እያንዳንዳችን በየጥቂት ዓመቱ ተራ በተራ መላጣ ሆነን እንከርም፣ ፀጉር ቤቱም ለባርኔጣ ሻጭ ይከራይ ነበር።

«ደንበኛን የሚመልሰው ፋሽን እንጂ ሥር አይደለም» የሚል ይኖራል። ፋሽን ማባዛት ይችላል፤ የሚባዛውን ቁጥር የሚሰጠው ግን ሥሩ ነው። ጥቅልል የአፍሪካ ፀጉር ከሌላው ቀስ ይላል፤ በቀን ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። በ2 ሳምንት 3.5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር በቆመ አፍሮ ላይ ይህችን ታህል ብትጨመር ማን ያያታል? ጎኑ ወደ 1 ሚሊ ሜትር በወረደ ፌድ ላይ ግን ያው ጭማሪ ፀጉሩን ከአራት እጥፍ በላይ ያደርገዋል፤ በጥንቃቄ የተሠራው ድንበር ጠፍቶ ሰውየው ከሕመም የተነሳ ይመስላል። ዕድገቱ አልተለወጠም፤ ትርፉን የወሰነው ከየትኛው ርዝመት መጀመሩ ነው። ፌድን የፈለሰፈው ሰው ሒሳብ ያውቅ እንደነበር እጠረጥራለሁ።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከአያቶች ይመጣል፦ ሲላጩት ይወፍራል፤ እንግዲያው ምላጭ ሥሩን ያዛል ማለት ነው። ሚልድሬድ ትሮተር የተባሉ አሜሪካዊት የአናቶሚ ምሁር በ1928 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሚላጩ ወንዶችን ፂም መርምረው ውፍረቱም ፍጥነቱም እንዳልተለወጠ አሳይተዋል። ከቆዳ በላይ ያለው ፀጉር በድን ነው፤ መቆረጡን ለሥሩ የሚያደርስ መልእክተኛ የለውም። ያልተቆረጠ ፀጉር ጫፉ ሹል ነው፤ ምላጭ ያለፈበት ጫፉ ዱልዱም ሆኖ ስለሚወጣ ለእጅ ይሻክራል፣ ለዓይን ይወፍራል። የሕፃን ፀጉር ደግሞ ሲያድግ በራሱ ይለወጣል፤ ምላጩ በአጠገቡ ስለተገኘ ብቻ ይመሰገናል።

ያልሠራበት ምስጋና የሚቀበል ሙያ ያልሠራው ጥፋትም ይመጣበታል። ፀጉሮች አንዳንዴ ይስማማሉና። ወሊድ፣ ከባድ ትኩሳት ወይም ቀዶ ሕክምና ሲያጋጥም ብዙዎቹ በአንድነት ዕረፍት ይወጣሉ። ተንኮሉ ወዲያው አለመርገፋቸው ነው፤ ከ2 እስከ 4 ወር ቆይተው በጅምላ ይለቃሉ። አሁን ሴት ልጅ የወለደችን እናት አስቡ። ክርስትናው በ80 ቀን ነው፤ ሹሩባ ልትሠራ የምትቀመጠውም ልክ የመርገፊያው ቀጠሮ በሚደርስበት ሰሞን ነው። ማበጠሪያው ሲሞላ ዋናው ምክንያት እልል ከተባለለት ሁለት ወር ከመንፈቅ አልፎታል፤ እጅ ከፍንጅ የተያዘችው ሹሩባ ሠሪዋ ናት። ወንድ የወለደች እናት በ40 ቀን ስለምትሠራ አመስግና ትሄዳለች።

ይህ ማለት ሙያተኛው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አጥብቆ የተጎነጎነ ሹሩባ የግንባርን ዳር ያሳሳል፤ ያልጸዳ ማሽን ጭርት ያስተላልፋል፤ ይህን በቀን መቁጠሪያ ማሳበብ አይቻልም። ደግነቱ የረገፈው ፀጉር ራሱ ይመሰክራል፦ ጫፉ ላይ ደረቅ ነጭ እብጠት ያለው ጊዜው ደርሶ የለቀቀ ነው፤ እብጠት የሌለው አጭር ቁራጭ የተሰበረ ነው። እንግዲህ ስድብ ከመጀመሩ በፊት ከማበጠሪያው ጥቂቱን አንስቶ ብርሃን ላይ ማየት ነው። ነጩ ከበዛ ሒሳብ ተከፍሎ፣ ተመራርቆ መለያየት ይቻላል፤ ቁርጥራጩ ከበዛ ግን ቦርሳው ሳይከፈት የሚባል ነገር አለ።