ጥቅምት ላይ ኑ

በነሐሴ ወር ከጋምቤላ ተነሥቶ ለሽርሽር ጎሬ የሚወጣ ሰው፣ ዘመድ ካለው ይመከራል፤ ከሌለው ጎረቤት ይመክረዋል። እኛ ስድስት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ግን መካሪ ሳናገኝ ገንዘብ አዋጥተን፣ ሚኒባስ በኮንትራት ይዘን ወጣን። ተራራ ልናይ!

ነገሩን የቆሰቆሱት የሒሳብ ሹማችን ናቸው። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ፣ ቬንትሌተሩ ቆሞ፣ ሸሚዛችን ከጀርባችን ተጣብቆ ነበር። እሳቸው የደሞዝ መዝገቡን እንደ ማራገቢያ እያወዛወዙ፣ "ኧረ ጎበዝ፣ እዚህ ተቀቅለን ከምናልቅ ጎሬ ወጥተን ነፋስ እንቀበል! ቡሬ ልትደርሱ ስትሉ ካለው መታጠፊያ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ፣ የጋምቤላ ሜዳ እንደ ትሪ ተዘርግቶ ነው የሚታያችሁ" አሉ። ሙቀቱ ልባችንን አሟሙቶት ኖሮ "በየትኛው ወር?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ከመካከላችን የአገሩ ተወላጅ አንድ ብቻ ነው። አኙዋ ነው፤ እኛ ባሮ የምንለውን፣ የእሱ ሰዎች ኦፔኖ የሚሉትን ወንዝ እየዋኘ ያደገ። "ተራራውን ለማየት ምን አስኬዳችሁ?" አለ። "ክረምት በገባ ቁጥር እሱ ራሱ ይመጣ የለም እንዴ?" ሳቅንበት። ድርሻውን ግን አልከለከለም፤ "ብርድ የምትሉትን ነገር አንዴ ልየው" ብሎ ከፈለ።

ዝግጅታችን ለጉድ ነበር። ጋምቤላ ውስጥ ጃንጥላ የሚያዘው ለፀሐይ ነው፤ የኔማ ሁለት ሽቦው ወልቆ እንደ ታመመ ቁራ ክንፉን ጥሏል። አሥራ አንድ ዓመት ሻንጣ ሥር የከረመውን ካፖርቴን ሳወጣው አንገትጌው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል። ጫማዬ ያው የዘወትሩ ነጠላ ጫማ ነው። የሒሳብ ሹማችን ደግሞ "ወባ ቀልድ አያውቅም" ብለው አጎበር ጠቅልለው መጡ። ጎሬ አጎበር ይዞ መሄድ ጋምቤላ ምድጃ ይዞ እንደ መውረድ ነው፤ ግን ሹም ናቸው፣ ማን ይናገራቸዋል?

ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ብትበልጥ በጥቂት ነው፤ ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ሽቅብ 1,000 ሜትር በወጡ ቁጥር ስድስት ዲግሪ ያህል ሙቀት ይቀንሳል ይባላል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ያመንኩት ግን በሚኒባሱ መስኮት ነው። መጀመሪያ ከፈትነው፤ ቀጥሎ ገርበብ አደረግነው፤ ቀጥሎ ዘጋነው፤ በመጨረሻ ረዳቱ የማይዘጋውን አንዱን መስኮት በፌስታል ወተፈው። ዝናቡ ያኔ ጀመረ። ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ ቆላውን አቋርጦ እዚህ ገደል ሲደርስ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ሸክሙን ያራግፋል። ያን ቀን ያራገፈው እኛ ላይ ነው።

የተባለው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ሹማችን "አቁም!" አሉ። ወረድን። ፊት ለፊታችን ጉም ነው። ታች ጉም፣ ላይ ጉም፣ ግራና ቀኝ ጉም። እንደ ትሪ ተዘርግቶ የሚታየው ሜዳ ይቅርና ሾፌሩ መኪናው ውስጥ መኖሩ እንኳ የሚታወቀው በሳሉ ነው። "ለማንኛውም ፎቶ እንነሣ" ተባለና ተሰለፍን። ፎቶው ዛሬም አለኝ፤ ስድስት ሰዎች ነጭ መጋረጃ ፊት ቆመው ለመታወቂያ የተነሡት ነው የሚመስለው።

በዚህ መሐል አንድ ልጅ ማዳበሪያ ከረጢት በራሱ ላይ ገልብጦ፣ የተጠበሰ በቆሎ በሳህን ይዞ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ።

"አንተ ልጅ፣ ጋምቤላ የሚታየው በየት በኩል ነው?" አሉት ሹማችን።

ልጁ ሳያመነታ በጣቱ ወደ ጉሙ ጠቆመ። "እዚያ ጋ ነው ጋሼ።"

"ታዲያ መቼ ይታያል?"

አንድ በአንድ አየን። ጃንጥላዬን አየ፤ እግሬን አየ። "ጥቅምት ላይ ኑ" አለና በቆሎውን ዘረጋልን። ስድስት ገዛን። ከጉዞው ሁሉ ገንዘባችን በአግባቡ የወጣው እዚያ ላይ ነው።

ጎሬ ስንገባ ዝናቡ ቀድሞን ገብቶ ከተማውን ይዞታል። ጎሬ እንደ ዋዛ የምትታይ ከተማ አይደለችም። ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን ያስተዳደሩባት ናት። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ደግሞ በራስ እምሩ እንደራሴነት የአገሪቱ መንግሥት ለጥቂት ወራት ወደዚህችው ከተማ ዞሯል። ይህን ሁሉ ለባልደረቦቼ ላስረዳ ከመኪናው ወርጄ እጄን እንደ አስጎብኚ ዘርግቼ፣ "እንግዲህ ይህች ከተማ..." ስል ቀኝ እግሬ ቀዩ ጭቃ ውስጥ ገባ። እግሬን አወጣሁት፤ ጫማው አልወጣም። ጎንበስ ብዬ ስጎትተው ከጭቃው ተስፈንጥሮ ቦዩ ውስጥ ወደቀና በጎርፉ ላይ እንደ ታንኳ እየተወዛወዘ ቁልቁል ነጎደ።

አኙዋው ወዳጃችን በዓይኑ ሸኘው። "አይዞህ" አለ፣ ጥርሱ በብርድ እየተንቀጫቀጨ። "ከኛ ቀድሞ ጋምቤላ ይገባል።"

ሆቴሏን የሚያስተዳድሩት እናት በር ላይ ተቀበሉን። "እናንተ የጋምቤላ ሰዎች ናችሁ አይደል?" አሉ። እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅንም። "ውሃ ላሙቅላችሁ?" ሹማችን፣ "አይ እትዬ፣ ከቧንቧ የሚወርደው ይበቃናል" አሉ፤ ጋምቤላ ቧንቧ ሲከፈት ሻይ የሚያፈላ ውሃ ስለሚወርድ መሆኑ ነው። ገላቸውን ሊታጠቡ ገቡ። ከዚያ የሰማነውን ጩኸት ሙሉ ኢሉባቦር ሳይሰማው አልቀረም።

ራስ ተሰማ ትዝ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። በ1890 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክን ትእዛዝ ይዘው ጦራቸውን በባሮና በሶባት አቅጣጫ ወደ ነጭ ዓባይ መርተው ነበር። የደጋው ሠራዊት በቆላ ንዳድ ክፉኛ ተጎድቶ ተመለሰ። እኛ ደግሞ ከቆላ ወጥተን በደጋ ብርድ ተመታን። ልዩነቱ፣ እነሱ አገር ሊያቀኑ ነው፤ እኛ ነፋስ ልንቀበል።

የማታውን ብርድ የረታልን ቡናው ነው። እናትዬዋ ምድጃው ዳር ሰብስበው በኦሮምኛ "ኮታ፣ ቡና ዱጋ!" (ኑ፣ ቡና ጠጡ!) አሉን። የጫካ ቡና ነው፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ የሚለቀም። ሲቆላ ጭሱ ከካፖርቴ ሻጋታ ጋር ተደባልቆ ለጊዜው ሁሉንም ይቅር አስባለኝ። ይህ ቡና ድሮ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ገደሉን ወርዶ ጋምቤላ ይደርስ ነበር። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት እንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ነበራቸው፤ ከካርቱም መርከብ እየመጣ ጨውና ጨርቅ አራግፎ ቡና ይጭናል። መርከቡ ግን በጋ አይመጣም፤ ውሃው አያነሣውም። የሚመጣው ክረምት፣ ይኸው እኛን የሚያንቀጠቅጠን ዝናብ ባሮን ሲሞላው ነው። የጎሬ ሰው "መቼ ያባራል?" ሲል፣ የጋምቤላ ነጋዴ "ዝነብ፣ ዝነብ!" ይል ነበር ማለት ነው።

ሌሊቱን ሹማችን አጎበራቸውን አራት እጥፍ አጥፈው እንደ ብርድ ልብስ ደረቡት። ጠዋት "እንዴት አደሩ?" ስንላቸው በኩራት፣ "አንድም ትንኝ አልነካኝ!" አሉ።

በማግሥቱም ጉሙ አልተነሣም፤ ተራራ ሳናይ ወረድን። የዘጋነውን መስኮት በተራ እየከፈትን፣ ካፖርት እያወለቅን ጋምቤላ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ናፈቀ ዘመድ አንገታችን ላይ ተጠመጠመ። ማንም አላማረረም።

አመሻሹ ላይ አኙዋው ወዳጄ ይዞኝ ባሮ ዳር ወረደ። ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሶር ከጌባ፣ ጌባ ከብርብር ተገናኝተው የሚያመጡት ውሃ ነው፤ ቀዩን አፈር በጥብጦ፣ ግንድና ቅጠል ተሸክሞ፣ አረፋ እየደፈቀ ያልፋል። ትናንት እግሬን የያዘኝን ጭቃ በቀለሙ አወቅሁት።

"ይኸውልህ ተራራህ" አለኝ። "ኮንትራትም አልከፈለ።"

ልመልስለት አልቻልኩም። ዓይኔ ውሃው ላይ ነበር፤ ከአረፋው መሐል አንድ ነገር ብቅ ጥልቅ ባለ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ።

"ምን ትፈልጋለህ?"

"የቀኝ እግሬን ጫማ።"

ቆየት ብሎ ወንዙን አየና ራሱን ነቀነቀ። "ጥቅምት ላይ ና" አለኝ።