«ይቆጥራል!»

ወልድያ ላይ የቤት ኢንተርኔት ያስገባ አባወራ ከእራት በኋላ የማያስታጉለው ሥርዓት አለው። የግቢውን በር ይቀረቅራል፤ ከሰሉ መጥፋቱን ያያል፤ የሳሎኑን መብራት ያጠፋል። በመጨረሻም ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን ዳንቴል ለብሳ ብልጭ ድርግም የምትለዋን የዋይፋይ ሳጥን ከሶኬት ይነቅላል። ልጆቹ ይንጫጫሉ። እሱ የሚመልስላቸው አንድ ቃል ነው፦ «ይቆጥራል!»

አይቆጥርም።

ገደብ የሌለው የቤት ብሮድባንድ የሚከፈለው በወር ነው። ዋጋውን የሚወስነው የመስመሩ ፍጥነት እንጂ የተጠቀሙት ሜጋ ባይት አይደለም፤ ሌሊቱን ተሰክቶ ቢያድርም ተነቅሎ ቢያድርም ሒሳቡ ያው ነው። መብራቱስ ቢባል፣ ሳጥኗ የምትወስደው 10 ዋት ገደማ ነው። ወር ሙሉ ቀንም ሌትም ብትበራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህንኑ በሁለት ሰዓት ጋገራ ግድም ይጨርሰዋል። ምጣዱን ግን በክፉ ዓይን ያየው የለም።

ነገሩ ትንሽ ስለሆነ ሊታለፍ ይገባው ነበር። የማያሳልፈው ሰዓቱ ነው። ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከሀብሩ ገጠር ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ይገኝ ይሆናል፤ ፈላጊው ግን ስንቅ ይያዝ። የሪያድና የወልድያ ሰዓት አንድ ነው። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ደግሞ እጇ የሚፈታው የአሠሪዎቿ ገበታ ተነሥቶ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ሕፃናቱ ሲተኙ ነው። ያን ጊዜ «እስቲ እማዬን አሳዩኝ» ብላ ትደውላለች። አባቷ ነቅሎ ተኝቷል። በነጋታው እሱው ራሱ «ይቺ ልጅ ድምጿ ጠፋ፣ ምን አግኝቷት ይሆን?» እያለ ሲብሰለሰል ይውላል።

ይህ እጅ መንቀልን የት ተማረ? መልሱ ትንሽ ራቅ ይላል።

ቴሌ ልደቱን የሚያሰላው ከእ.ኤ.አ. 1894 ጀምሮ ነው፤ የምኒልክ ዘመን፣ የአዲስ አበባና የሐረር መስመር፣ 477 ኪሎ ሜትር። እንደሚተረከው ያኔ የስልኩ ጣጣ ከወዲያ ማዶ የሚናገረው ሰው ይሁን ሰይጣን መለየቱ ነበር። ሒሳብ ያስጨነቀው ሰው አልነበረም። ጭንቀቱ የመጣው ስልክ ሳሎን ሲገባ ነው። በየከተማው ስልክ ያለው ቤት ከሩቅ ይታወቅ ነበር፤ መቀመጫው የራሱ ጠረጴዛ፣ ልብሱ የራሱ ዳንቴል። ቁጥር ማዞሪያው ላይ ደግሞ ትንሽ ጓጉንቸር። ጓጉንቸሩ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ይገባና ክቡ እንዳይዞር ይይዘዋል። መክፈቻው ከአባት ኪስ አይወጣም።

ልጆች ግን ክቡ የሚሠራውን ሥራ ደረሱበት። ቁጥር ዞሮ ክቡ ሲመለስ መስመሩን እያቋረጠ ይቀጥላል፤ 3 ሲባል ሦስት ጊዜ፣ 7 ሲባል ሰባት ጊዜ፣ 0 ሲባል አሥር ጊዜ። እጀታው የሚያርፍበትን መጫኛ በጣት ቶሎ ቶሎ መታ መታ ማድረግም ያንኑ ይሠራል። ጓጉንቸሩ የቆለፈው ክቡን እንጂ መስመሩን አልነበረም። እርግጥ ጣት ካልፈጠነ አንዱ ቁጥር ሁለት ሆኖ ይቆጠርና ስልኩ የማያውቁት ሰው ቤት ያቃጭላል። ዘጠኝና ዜሮ የሚበዛበት ቁጥር የያዘ ጓደኛም ደዋይ እየጠፋበት ወዳጅነቱ ቀዝቅዞ ቀረ።

ወር ሞልቶ ሒሳቡ ሲመጣ አባት ጓጉንቸሩን ተጠራጠረ፤ አናጢ ጠርቶ ለስልኩ የሚቆለፍ የእንጨት ሳጥን አሠራለት። አሁን የሚወጣው ጥሪ በእርግጥ ቆመ። የሚገባው ግን አልቆመም። አባት ገበያ፣ መክፈቻው ኪሱ ውስጥ፣ ስልኩ ሳጥኑ ውስጥ ሲያቃጭል ቤተሰቡ ዙሪያውን ከብቦ ይሰማል። ማን ሊሆን እንደሚችል ሲገመት ይመሻል።

ኢንተርኔት ጥር 1989 አዲስ አበባ ላይ ለሕዝብ ሲከፈት የመጣው በዚያው በስልክ መስመር ነው። ሞደሙ ይደውላል፤ ከዚያ ያ ሲርሲርታና ጩኸት ይጀምራል፤ ሁለት ማሽኖች በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነጋገሩ ሲደራደሩ ነው። ምርጥ የሚባለው ሞደም በወረቀት ላይ 56 ኪሎ ቢት በሰከንድ ያደርስ ነበር፤ ይህ በተመቸው ቀን 7 ኪሎ ባይት መሆኑ ነው። 4 ሜጋ ባይት የምትሆን አንዲት ዘፈን ለማውረድ አሥር ደቂቃ ግድም ማለት ነው። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ አንዱ ከጓዳ እጀታውን ሲያነሣ መስመሩ ይበጠሳል። ዘፈኑ ከዜሮ ይጀምራል፤ የስልኩ ሒሳብ ግን ከቆመበት ይቀጥላል።

በ1997 ግድም ብሮድባንድ ሲመጣ ይህ ሁሉ መቅረት ነበረበት። ኤዲኤስኤል የሚባለው ብሮድባንድ በዚያው በስልኩ የመዳብ ሽቦ ነው የሚሄደው፤ የሰው ድምፅ ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ይቀመጣል፣ ዳታው ከዚያ በላይ ያልፋል። ጓዳ ያለው እየደወለ ሳሎን ያለው ያወርዳል። 2 ሜጋ ቢት መስመር ካለ ያቺ ዘፈን 16 ሰከንድ ናት። ፋይበር ከሆነማ ዓይን ሳይርገበገብ።

ብዙው የወልድያና የመርሳ ሰው ግን የሞደሙን ጩኸት ሳይሰማ፣ ኤዲኤስኤሉንም ሳያይ በሞባይል ነው የገባው። ሰኔ 2016 ሲጠናቀቅ ኢትዮ ቴሌኮም ከ78 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ነበረው፤ መደበኛ ብሮድባንድ ያለው 1 ሚሊዮን አልሞላም። ሌላው በፓኬጅ ያደገ ነው፤ የቀን ፓኬጅ፣ የሳምንት ፓኬጅ፣ ረከስ ያለ ነው ተብሎ እንቅልፍ የሚያሳጣ የሌሊት ፓኬጅ። መልእክት ተልኮ ሳያልቅ «ዳታህን አጥፋ!» ይባላል። ቪዲዮ የላከ ዘመድ በሜጋ አባካኝነት ይታማል። ዋይፋይ ቤት ገብቶም አውራ ጣት ከማጥፊያው አልወረደም።

እንግዲህ እስከዚህ በአባወራው ተሥቋል። አሁን ግን ሣቁ ይብቃ። በ2009 የብሔራዊ ፈተና እንዳይሰረቅ ተብሎ የአገሩ ኢንተርኔት ተዘጋ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ደግሞ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ከረመ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና መርሳ በሰሜኑ ጦርነት ተውጠው ስልኩም፣ መብራቱም፣ ባንኩም ሲጠፋ፣ ጅዳና ቤይሩት ያሉ ልጆች እናታቸው በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቁ ከረሙ። ሐምሌ 2015 ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ወራት ተቆጠሩ። ለአባወራው ነገ ይነቀላል ብሎ ቀድሞ የነገረው የለም፤ ሲመለስም ይቅርታ ያለው የለም። አንድ ፈተና ለመጠበቅ የመቶ ሚሊዮን ሰው መስመር በተነቀለበት አገር የሚኖር ሰው የራሱን ሶኬት ቢነቅል ማን ነው የሚገሥጸው? እሱ እንኳ ሌሊቱን ብቻ ነው፤ ሲነጋ ይሰካዋል።

ደግሞም ሐምሌና ነሐሴ ላይ አባወራው ልክ ነው። የክረምት መብረቅ መስመር ተከትሎ ይገባል፤ ሄዶ የሚመጣ መብራትም ኃይሉ እየጨመረ ስንቱን ፍሪጅና ቴሌቪዥን በልቷል። ጥር ላይ የሚነቅልበትን ምክንያት ግን እስካሁን ያገኘለት የለም።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ጉዳይ መጥቷል። ቡፌው ያለው በጎረቤት በኩል ባለው መስኮት ሥር ነው። በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መካከል ያለው ክፍልፍል ቆርቆሮ ነው፤ የዋይፋይ ሞገድ ደግሞ ብረት አያልፍም፣ ተመልሶ ይነጥራል። ስለዚህ መኝታ ቤት ያለች ልጅ ያጣችውን መስመር ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤት ጥርት አድርገው ያገኙታል። ቡና ላይ ጠየቁ፦ «ጋሼ፣ እንደው ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ምን እየሆነ ነው የሚጠፋው?» ፓስዎርዱን ማን እንደሰጣቸው የጠየቀ የለም፤ ትንሹ ልጅ ብቻ ጣሪያውን ያይ ጀመር። አባወራውን ያሳሰበው ግን ሌላ ነው፦ «የጎረቤትስ ይቆጥራል እንዴ?» አይቆጥርም፣ ፍጥነቱን ይካፈላል እንጂ ተባለ። መካፈሉን አልጠላውም። ሳጥኗ ወደ ኮሪደር ትውጣ የሚለውን ሐሳብ እማወራዋ አልተቀበለችም፤ ዳንቴሉ በቡፌው ልክ ነው የተሠራው። ቶናው ሲቀዳ ወሬው ወደ መርሳ ማንጎ ዋጋ ዞረ፤ እዚያ ላይ ጎረቤትየዋ ብዙ የሚሉት ነበራቸው።