ሹል ማዕዘን ክልክል ነው

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ማዕዘን አስተምሬያለሁ። ቀጤ፣ ሹል፣ ዝርጥ። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ከማዕዘን ጋር ተላቀቅን ብዬ ነበር። አልተላቀቅንም። ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ቀኝ ዳሌዬን ባስቀየርኩ ማግስት፣ ከመጨረሻ ልጄ በዕድሜ የማትበልጥ ፊዚዮቴራፒስት አልጋዬ ግርጌ ቆማ ክፍለ ጊዜውን ጀመረችው።

«አባባ፣ ጭንዎና ሆድዎ የሚሠሩት ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ማነስ የለበትም። ለ12 ሳምንት። ከጉልበትዎ ዝቅ ያለ ነገር ላይ አይቀመጡም። እግርዎን አያነባብሩም። መሬት የወደቀ ነገር አያነሱም። ሲተኙ በእግሮችዎ መሃል ትራስ ይኖራል። ገባዎት?»

«ገባኝ» አልኩ። ተማሪዎቼም እንዲሁ ይሉኝ ነበር።

ነገሩ ይህን ያህል አይከብድም። ዳሌ ሙቀጫና ዘነዘና ነው። የጭን አጥንት ክብ ራስ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል፤ በመሃላቸው ያለው ለስላሳ ልባስ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። የእኔ ስድስት ዓመት ተፋጨ። ሐኪሞቹ ያንን ራስ ቆርጠው ጣሉና በምትኩ የብረት ግንድ ጭኔ ውስጥ ሰደዱ፣ ጎድጓዳውንም በፕላስቲክ አለበሱት። በዙሪያው የተቆረጠው ሥጋና ጅማት እስኪጠግግ ድረስ በደንብ የታጠፈ ሰው ዘነዘናው ከሙቀጫው ውልቅ ሊልበት ይችላል። ስለዚህ ሹል ማዕዘን ክልክል ነው። ማረጋገጫውን ለተማሪ መተው ይቻላል።

ሆስፒታል ተኝቼ የዚህን ዕቃ ታሪክ ልጄ ስልኳ ላይ እያነበበች ነገረችኝ። በርሊን ይሠራ የነበረ ቴሚስቶክለስ ግሉክ የሚባል ሐኪም በ1891 እ.ኤ.አ. በቲቢ ለተበላ ዳሌ የሰው ሠራሽ ራስ የሠራው ከዝሆን ጥርስ ነበር። ይህን ስሰማ ቁስሌን ረስቼ ልነሣ ቃጣኝ። በዚያ ዘመን የሌቃ ነቀምቴ ገዥዎች ለምኒልክ የሚያገቡት ግብር ወርቅና የዝሆን ጥርስ እንደነበር የከተማችን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ማን ያውቃል፣ የአንድ ጀርመናዊ ዳሌ ከወለጋ ጫካ የሄደ እንደሆነስ? ከሆነ አሁን ሒሳቡ ተዘጋ፤ እኛ ጥርስ ልከን እነሱ ብረት መለሱ።

ዛሬ የሚሠራበትን መንገድ ያገኘው ግን እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ ነው። መጀመሪያ ጎድጓዳውን በቴፍሎን፣ በዚያ መጥበሻ በሚለበጥበት ነገር አለበሰው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ እየተላገ አለቀና ሰዎቹን መልሶ መቅደድ ግድ ሆነ። ከዚያ ለሽመና መኪና ጥርስ የሚሆን ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሸጥ ሰው ወደ ላቦራቶሪው ጎራ አለ። ቻርንሊ የዚያን ፕላስቲክ ቁራሽ ሥጋ ይቆጣው እንደሆነ ለማየት የራሱ ታፋ ውስጥ ቀበረው፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለበሽተኞቹ አደረገው። በሸማኔ ዕቃ መራመዴን ለሰፈራችን ሸማኔ ነግሬው «እኔ ጋ ብትመጣ በጥበብ እሠራልህ ነበር» ብሎኛል።

ከአዲስ አበባ ቤቴ እስካለበት ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ በየሰዓቱ ወርጄ መቆም ነበረብኝ፤ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጌዶ፣ ባኮ እየወረድኩ በሁለት ክራንች ተገትሬ ቆሜያለሁ። ከመኪና ወንበር ላይ መሽከርከር ስለማልችል ባለቤቴ ከሥሬ ፌስታል አነጠፈች፤ ፌስታሉ ያንሸራትታል፣ ሰውዬው ሳይጣመም ይዞራል። ይህን ዘዴ ያስተማረችን ያቺው ፊዚዮቴራፒስት ናት። ከተከፈለው ገንዘብ ሁሉ የሠራልኝ ፌስታሉ ነው ብል ግን ሐኪሙን ማስቀየም ይሆንብኛል።

ቤት ስገባ ነው ትምህርቱ በእርግጥ የገባኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ አገራችን ምን ያህል ወደ መሬት የቀረበች እንደሆነች አላስተዋልኩም። ዱካው ዝቅ ያለ፣ በርጩማው ዝቅ ያለ፣ መሶቡ ዝቅ ያለ፣ ረከቦቱ ከሁሉም ዝቅ ያለ። ቡና የሚጠጣው አጎንብሶ፣ እጅ የሚታጠበው አጎንብሶ፣ ትልቅ ሰው ሰላም የሚባለው አጎንብሶ። ሽንት ቤቱንስ ተዉት። የእኛ ሽንት ቤት የቁጢጥ ነው፤ ቁጢጥ ማለት ደግሞ ከሹል ማዕዘን ሁሉ የሾለው ነው፤ በግምት 30 ዲግሪ፣ ወጣት ሲሆን 20። የአገሬን ባህል ግማሽ በአንድ የሐኪም ትእዛዝ ተከለከልኩ።

መፍትሔው ፕላስቲክ ወንበር ሆነ። ያ በየድንኳኑ በየሰርጉ የሚደረደረው ነጭ ወንበር። የሰፈራችን አናጢ መቀመጫውን መሃል ለመሃል ክብ አድርጎ በመጋዝ ቀደደው፣ ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለሰለሰው፣ እግሮቹን በእንጨት ጫማ ከፍ አደረጋቸው። ለአልጋውም አራት ብሎኬት ገባለት። የክቡን ራዲየስ እኔ ነኝ የለካሁት። ወንበሬ ከፕላስቲክ፣ ዳሌዬም ከፕላስቲክ፤ የአጎት ልጆች ሆነው አንዱ አንዱን ሲደግፍ ማየት ደስ ይላል። እንዳልዘነጋው ብዬ በማርከር ወንበሩ ጀርባ ላይ «ሹል ማዕዘን ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩበት። ባለቤቴ አየችው። «ሽንት ቤት ድረስ ማስተማር?» አለች።

ጠያቂ ጎረፈ። ወለጋ ውስጥ ታሞ ብቻውን የሚተኛ ሰው የለም፤ ቢፈልግም አይፈቀድለትም። ሰው ሲገባ ብድግ ብዬ «ኖር!» ማለት ልማዴ ነው፣ እንግዳውም «በእግዜር!» ይላል። አሁን ብድግ ለማለት ግን አስቀድሜ ቀኝ እግሬን ወደ ፊት ልዘረጋ፣ በሁለት እጄ የወንበሩን ክንድ ልይዝ፣ ጀርባዬን ቀጥ ላደርግ ይገባኛል። እኔ ተነሥቼ «ኖር» ስል እንግዳው ተቀምጦ፣ ጠይቆ፣ ቡናውን ጠጥቶ ሊወጣ ሲነሣ ይደርሳል። እሱ «በሞቴ ተቀመጥ» ይላል፤ እኔ መቀመጡን ደግሞ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

«ዋቅኒ ሲ ሃ ፈይሱ» ይሉኛል፣ እግዜር ይማርህ ማለታቸው ነው። ከምርቃቱ ቀጥሎ ጥያቄ ይመጣል። ብረቱ ስንት ኪሎ ነው? ፀሐይ ላይ ስትቆም አይግልም? በክረምት አይዝግም? የነቀምቴ ክረምት ዝናቡም ነጎድጓዱም የዋዛ አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ወንበራቸውን ከእኔ አንድ ክንድ ያርቃሉ። «ብረት መብረቅ ይስባል» ይላሉ። «ጋሼ፣ ውስጥ ነው እኮ ያለው» ብላቸው «መብረቅ ልብስ ያንኳኳል እንዴ?» አሉኝ። ለዚህ መልስ የለኝም።

የጎረቤት ልጅ ደግሞ ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ፈልቅቆ መጣና ሱሪዬ ላይ አስጠጋው። አልያዘም። ቲታኒየም ማግኔት አይስበውም፣ አስረዳሁት። እሱ ግን ወጥቶ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራው ሌላ ነው፦ «ቲቸርን አታልለዋቸዋል፤ ምንም አልገባላቸውም!» ሁለት ሰው አዝኖልኝ ተመልሶ መጣ።

ወጌሻውም መጥቷል። ግማሽ ከተማ ውልቃቱን ያሳየው ሰው ነው፤ የእኔን አዲስ አበባ መሄድ እንደ ክህደት እንዳየው ከአገባቡ ያስታውቃል። ጠባሳውን አየ፣ ስፌቱን በዓይኑ ቆጠረ፣ እጁን ዘረጋ። ባለቤቴ በመሃላችን ቡና ይዛ ቆመች። አዲስ የገባ ዳሌ ላይ መታሸት ምን እንደሚያደርግ ነግረውን ነበር። ወጌሻው ሲኒውን ካልተቀበለ እንደማትንቀሳቀስ ሲያውቅ ተቀበለና «አጥንቱን የት አደረጉት?» አለኝ። የወጣውን ማለቱ ነው። አላውቅም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እስከዛሬ ከተጠየቅኩት ጥያቄ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው።

እንቅልፍ ካነሣሁ አይቀር ስለ ሕመሙ ልናገር። የድሮው የሚፈጨው ሕመም ከቀዶ ጥገናው ማግስት ጀምሮ የለም፤ ሄደ፤ ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሮ ደህና ሰንብት እንኳ ሳይል ሄደ። በምትኩ ሌላ መጣ። ይሄኛው ቀን ትሑት ነው፣ እንግዳ ሲኖር ድምፁን አያሰማም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ከዳሌ ተነሥቶ ታፋን ይዞ ጉልበት ድረስ ይዘልቃል። በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ መሃል እግሬ ትራስ ተወትፎ፣ ጣሪያ እያየሁ የቆርቆሮውን ሽንሽን እቆጥራለሁ። አርባ ሁለት ናቸው፤ አንዳንድ ሌሊት አርባ ሦስት። የሚያስታግሠው ክኒን ደግሞ ሕመሙን ሲያስተኛ አንጀትንም አብሮ ያስተኛል፤ አምስት ቀን ያቺ በክብር የተሠራች ወንበር ሥራ ፈት ሆና ቆየች። ባለቤቴ ተልባ በጠበጠች፣ ፓፓያ ቆረጠች፣ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ቤታችን ውስጥ የነበረውን ደስታ ግን ልጃችን የተወለደ ዕለትም አላየሁም። በየማታው ሆዴ ላይ የደም ማቅጠኛ መርፌ የምትወጋኝ ነርስ ጎረቤታችን እንኳ እልል አለች።

ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ክራንቹን ጥዬ በአንድ ከዘራ ወጣሁ። የታመመው ቀኙ ነው፤ ከዘራው በግራ እጅ ይያዛል። ሰው በቀኝ እግሩ ሲቆም ሰውነቱ ወደ ግራ እንዳይወድቅ የቀኝ ዳሌ ጡንቻ ብቻውን ይጎትታል፤ በግራ የተያዘ ከዘራ ያንን ጭነት ይቀንስለታል። የሚዛን ሕግ ነው። ይህን ግን ለነቀምቴ መንገድ ማን ያስረዳው? ከቤቴ እስከ ዋናው አስፋልት ባለው ጭቃ ላይ አሥራ አንድ ሰው አስቁሞ ከዘራውን ከግራ እጄ ወስዶ ቀኝ እጄ ላይ አስጨብጦኛል። «ቲቸር፣ የታመመው በዚህ በኩል አይደል እንዴ?» አንዳንዶቹ ተማሪዎቼ ነበሩ። ምን አስተምሬያቸው ነው ብዬ አዘንኩ። መጨረሻ ላይ ሰው ሲመጣ ወደ ቀኝ እያዛወርኩ፣ ሲያልፍ ወደ ግራ እየመለስኩ መሄድ ጀመርኩ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያላለኝ የለም። እውነት ነው፣ ይሄዳል። እንቁላሉ ስንት ሳምንት እንደፈጀበት፣ በየስንት ደረጃው እንዳለቀሰ፣ ካልሲውን ማን እንዳጠለቀለት ግን ተረቱ አይናገርም። የእኔን ካልሲ ለሦስት ወር ያጠለቀችው ባለቤቴ ናት። በሠርጋችን ዕለት የገባችው ቃል ውስጥ ካልሲ አልነበረም፤ በየጠዋቱ ታስታውሰኛለች።

ሰኔ ላይ የጠየቁኝ ሁሉ ቃል የገቡልኝ አንጮቴ ነበር። አንጮቴ ለወለጋ ሰው ሥራሥር ብቻ አይደለም፤ አጥንቱ የተሰበረ ሰው የሚጠገንበት ነው። ካልሲየም እንዳለው የምግብ ተመራማሪዎችም ይናገራሉ። ሰኔ ላይ ግን ገና ሐረጉን እየሳበ ነበርና መስቀልን መጠበቅ ግድ ሆነ። አንጮቴ ለብረት ምን ያደርጋል ብዬ ለክትትል ስሄድ ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ ቀለድኩ ብዬ ነበር። እሱ አልሳቀም። «የእርስዎ ግንድ ያለ ማጣበቂያ የገባ ነው፤ አጥንትዎ ራሱ አድጎ ነው የሚያቅፈው። ይብሉት» አለኝ። መስቀል ሲደርስ ስድስት ቤት ያመጣውን አንጮቴ በቅቤ በላሁ። ስድስቱም ዳሌዬን ያዳነው የእነሱ እንደሆነ ያምናሉ፣ እኔም ለእያንዳንዳቸው አምኛለሁ።

12ኛው ሳምንት ነሐሴ ውስጥ አልፎ ነበር። ሐኪሙ ዱካ ላይ መቀመጥ እንደምችል ፈቅዶልኛል። አሁን ቡና ሲፈላ እንደ ሰው ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ፤ መነሣቱ ላይ ብቻ አንድ እጅ እፈልጋለሁ።

ወንበሯን ጊምቢ ያሉ አንዲት እናት ዳሌያቸውን ሲያስቀይሩ ላኩላቸው። ከእሳቸው ደግሞ ቄለም ወለጋ ሄደች፤ የት ወረዳ? ዳሌ ሰዲ። በኦሮምኛ ሦስት ማለት ሰዲ ነው። የወረዳው ስም ከየት እንደመጣ ሌላ ነገር ነው፤ ለእኔ ጆሮ ግን ወንበሯ ሦስተኛ ዳሌዋን ልትቀበል ወደ ዳሌ ሰዲ መሄዷ የታሰበበት ይመስላል። ከእኔ ይልቅ እሷ ወለጋን ዞራለች።

ባለፈው እሑድ ከዚያ ስልክ ተደወለ። ሰውዬውን በአካል አላውቃቸውም።

«ቲቸር፣ ቡና እየተወቀጠ ነው። ትንሽ ዱካ ላይ ብቀመጥ ምን ይለኛል?»

«ስንተኛ ሳምንትዎ ነው?»

«አምስተኛ።»

«ወንበሯ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ያንብቡልኝ።»

ቀስ ብለው አነበቡ። ዝም አሉ። ከኋላቸው የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል።

«ሹል ማዕዘን ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

ከዱካዬ ላይ እንደምንም ተነሣሁ።

«ወረቀትና እርሳስ አለዎት?» አልኳቸው።