ወጌሻው በመስኮት ገባ

የሰው ልጅ በመድኃኒት ላይ ያለው እምነት አጭር ነው፦ አልሠራ ካለ ጨምርበት። እንጆሪ አብቃዩም ከዚህ አልወጣም። ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት መሳዩ ሻጋታ፣ ፓውደሪ ሚልዲው፣ ብቅ ሲል ይረጫል፤ አልጠፋ ሲለው ደግሞ ይረጫል። ፈንገሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ሰውዬው መርጨቱን። ከሁለቱ ትምህርት የገባው ፈንገሱ ነው።

በአልትራቫዮሌት መብራት ስንመጣበትም አመላችን ያው ነው። ይህ ሻጋታ ከቅጠሉ ላይ ላዩን ተነጥፎ የሚኖር፣ የሚከልለው ቀለም እንኳ የሌለው ፍጥረት ስለሆነ ጨረሩ ዲኤንኤውን በቀላሉ ያገኘዋል። በቀን ያበሩበት እንደሆነ ግን የፀሐይዋ ሰማያዊ ብርሃን ፎቶላይዝ የተባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅስና የተጎዳውን ይጠግንለታል። መብራቱ ይሰብራል፣ ፀሐይ እንደ ወጌሻ ከኋላ እየተከተለች ታሻለች! መጠኑን ከፍ አድርጎ ወጌሻዋን ለመቅደም የተነሣ ሰው የሚያቃጥለው የራሱን ቅጠል ነው።

ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው አልበርት ኬልነር በጨረር የመታቸው ረቂቅ ተሕዋስያን አንዴ ሲሞቱ፣ አንዴ ሲያንሰራሩ ግራ ገብቶት ነበር። ሙቀቱ ነው ብሎ ሙቀቱን ሲያጠና ከረመ። ጥፋተኛው በመስኮት የሚገባው ብርሃን ሆኖ ተገኘ። ይህን በ1949 እ.ኤ.አ. አሳተመው። «እንግዲያው በጨለማ እናብራበት» የሚለው ሐሳብ ከዚያ መስኮት ተነሥቶ እንጆሪ ማሳ እስኪደርስ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀበት። በእግሩ ቢመጣም ይደርስ ነበር።

ዛሬ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ጋዶሪ ከኖርዌይና ከፍሎሪዳ ተመራማሪዎች ጋር የሠሩበት ዘዴ ይኸው ነው። ቶርቫልድ የሚባለው የኖርዌይ ሮቦት ሌሊት በመደቦቹ መካከል እያበራ ያልፋል። ቅጠሉን በማይጎዳ መጠን ይመታል፤ የቀረውን ለጥቂት ሰዓት ጨለማ ይተዋል። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይበቃል።

መብራቱ ሰማያዊ ወገግታ አለው። ያንን ያየ ሁሉ «ይኸው፣ እየሠራ ነው» ይላል። ሥራውን የሚሠራው የ254 ናኖሜትሩ ጨረር ግን ለዓይን አይታይም፤ የምናደንቀው በመብራቱ ውስጥ ያለውን የሜርኩሪ ትራፊ ብርሃን ነው። እንግዲህ ባለ እርሻው እንግዳ ሲመጣበት ማሽኑን በጠራራ ፀሐይ ቢያስወጣው ማን ይፈርድበታል? ሌሊት የሚሠራ ማሽን ፎቶ አይወጣለትም። ፈንገሱም ዝግጅቱን የሚቃወም አይመስለኝም።